ታጥባ የባሰባት ውሻ፦ የተጠላለፈ ፀጉርን እንዴት ልፍታው?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ፀጉረ ረጅም የሆነች ትንሽ ውሻ አለችኝ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግቢው ጭቃ ስለሆነ በየሳምንቱ አጥባታለሁ፤ ሆኖም ከጆሮዋ ኋላና ከብብቷ ያለው ፀጉር ተጠላልፎ እንደ ባና ጠጥሯል። ማበጠሪያ ሳስጠጋባት ታለቅሳለች፤ ይህም በጣም አሳዝኖኛል። በመቀስ ልቁረጠው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

መልስ 1
ሳይበጠር መታጠቡ ሳያባብሰው አልቀረም። የረገፈው ስስ የውስጥ ፀጉር በረጅሙ መካከል ተይዞ ይቀርና ይቋጠራል፤ የበግ ፀጉር በውሃ እየታሸ እንደሚጠነክር ሁሉ፣ ያ ቋጠሮም ረጥቦ ሲደርቅ ይበልጥ ይጠብቃል። ስለዚህ አስቀድመው ያበጥሯት፤ ካጠቧት በኋላም እስከ ሥሩ አድርቀው እንደገና ያበጥሯት። ትንንሹን ቋጠሮ ጥቂት የበቆሎ ስታርች ነስንሰው በጣትዎ ይፈልቅቁት፤ ከዚያም ቆዳው እንዳይሳብ የፀጉሩን ሥር በአንድ እጅ ይዘው፣ ከጫፉ ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ ይግቡ። ብሩሽ ብቻውን ያታልላል፤ ላዩ ለስልሶ ሥሩ እንደተቋጠረ ሊቆይ ስለሚችል፣ ቆዳ ድረስ የሚደርስ የብረት ማበጠሪያ ያስፈልግዎታል።

መልስ 2
በእንስሳት ሕክምና ላይ እንደሚሠራ ሰው አጥብቄ የምለምንዎት መቀሱን እንዲተዉት ነው። ቋጠሮው ሲሳብ ቆዳውም አብሮ ስለሚነሳ፣ ፀጉር የቆረጡ መስሎዎት ሥጋ ሊቆርጡ ይችላሉ፤ የድመት ቆዳ ስስ በመሆኑ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ከቆዳ ጋር የተጣበቀው በቶንዶስ ቢላጭ ይሻላል፤ ምላጩ ሲቆይ ስለሚግል በየመሃሉ በእጅ እየነኩ ማረጋገጥ ይገባል። ከቋጠሮው ሥር እርጥበት ስለሚታፈን ቁስል ተደብቆ ሊገኝ ይችላል፤ መጥፎ ሽታ ወይም መቅላት ካዩ ወደ ክሊኒክ ይውሰዷት።

ድመት ላላችሁም አንድ ነገር ልጨምር። ራሷን ስትልስ የኖረች ድመት ጀርባዋ ላይ ፀጉሯ መቋጠር ከጀመረ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ውፍረት ወይም የጥርስ ሕመም ይዟት ሊሆን ስለሚችል፣ ከማበጠሪያው በፊት ምርመራ ያስፈልጋታል።

ጠያቂ
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጆሮዋን በየምሽቱ ጥቂት ጥቂት እያልኩ በሦስት ቀን ፈታሁት። የብብቷን ገለጥ አድርጌ ሳየው ግን ቆዳው ቀልቶ ረጥቧል፤ የደረት ማሰሪያዋ የሚፈትጋትም እዚያው ላይ ነው። ማሰሪያውን አውልቄላታለሁ፤ ነገ ጠዋት ለሐኪም አሳያታለሁ።