ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን የሳይክል ጎማ

ሰላም የሳይክል ሰዎች። ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ ግራቭል ሳይክል (ለአስፋልትም ለጠጠር መንገድም የሚሆን) አለኝ። ቸርኬው 700 ነው፣ የጎማው ስፋት 32 ሚሊሜትር፣ ጥርስ የሌለው ልሙጥ። ፍሬሙ እስከ 42 ይቀበላል። ክብደቴ ከነቦርሳዬ 75 ኪሎ።

በሥራ ቀን በዘንባባዎቹ ሥር አስፋልት ለአስፋልት ነው የምነዳው፣ እሁድ ግን ወደ ዘጌ አቅጣጫ ወጥቼ ጠጠርና አፈር ውስጥ እገባለሁ። እዚያ የፊት ጎማው ይንሸራተታል። ንፋስ ስቀንስ መሬቱን ጥሩ ይይዛል፣ ግን ድንጋይ ሲመታ የውስጡ ላስቲክ ከቸርኬው ጋር ይቆነጠጥና ሁለት ቦታ ይበሳል፤ ጎሚስታው ራሱ ሰልችቶኛል።

ከጓደኛዬ ባለትልልቅ ጥርስ 42 ተውሼ ሞከርኩ። ደረቅ አፈር ላይ አንጀት አርስ ነው! አስፋልት ላይ ግን ወደኋላ ይጎትታል፣ ሲዘንብ ደሞ የዋልካው ጭቃ በጎማውና በፍሬሙ መሀል ታጭቆ ጭራሽ አልዞርም ይላል (ዋልካን የሚያውቅ ያውቀዋል)።

አሁን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አንድ ጥንድ ሊገዛልኝ ነው፣ መመለስ መለወጥ የለም። መሀሉ ልሙጥ ሆኖ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለው 38 ይሻለኛል ወይስ ጥቃቅን ጥርስ ሙሉውን የለበሰ 40?