የአባቴን መሮ ከተተወ የኦፓል ዋሻ ማውጣት እፈልጋለሁ፤ እንዴት ልግባ?

የደላንታ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከወገል ጤና ከተማ ወረድ ብሎ ገደሉ ላይ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ከሚቆፈርባቸው ዋሻዎች አንዱን የቆፈሩት አባቴና ጓደኞቹ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ኦፓል በአካባቢያችን ሲገኝ ቀድመው ገደል ከወረዱት አንዱ እሱ ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጣሪያው መርገፍ ጀመረና ዕቃቸውን እንዳለ ጥለው ሮጠው ወጡ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመልሶ የገባም የለም። አባቴ አምና አረፈ። እናቴ አሁን «መሮው እንኳ ቤቴ ቢገባልኝ» ትላለች። ራሱ ላይ ሁለት ጭረት አለው፤ የራሱ መሆኑን እንዲያውቅበት ያስጫረው ነው።

ቅዳሜ ወርጄ ከአፉ ላይ ቆሜ በባትሪ አየሁ። አራት አምስት ሜትር ገባ ብሎ መዶሻ፣ ሁለት መሮ፣ ኩራዝ፣ ቢጫ ጀሪካንና አፉ የታሰረ ማዳበሪያ ይታያል። ወለሉ ወደ ውስጥ ቁልቁል ነው። አባቴ እንደሚነግረን ከዚያ አልፎ ሲቆፍሩ አሮጌ ዋሻ ተበስቶላቸው ውስጡ ገንቦ አይተዋል። አፉ አጠገብ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ሰው የተጠለለበት ምልክት አለ፦ ጉልቻ፣ የጠቆረ ድስት፣ የተበጣጠሰ ሰሌን፣ ከሰሌኑ ሥር ጫፉ ብቅ ያለ አረንጓዴ የብረት ሳጥን።

ገመድ ታጥቄ ሻማ ይዤ ብገባ ይበቃል ወይ? ዕቃዎቹንስ ምን ላድርጋቸው? አንድ ዘመዳችን ገንቦውን አውጥተን ደሴ እንሽጠው እያለ ነው።

የመርሳው

ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ከሁሉ በፊት ሳጥኑ። ወሎ ላይ ውጊያ ባለፈበት ቦታ አረንጓዴ የብረት ሳጥን ስታይ ባዶ ነው ብለህ አታስብ። አትንካው፣ በዱላም አትግፋው፣ ድንጋይም አትወርውርበት። ሰሌኑንም አትግለጥ። አጠገቡ እሳት ማንደድ አይታሰብም፤ ሻማህንም ተወው። በሄድክበት ዱካ ተመለስ፣ ከራቅ ብሎ መንገዱን በእሾህ እጠረው፣ ለቀበሌና ለፖሊስ ተናገር። ከብት የሚጠብቁ ልጆች እዚያ የሚደርሱ ከሆነ ዛሬውኑ አስጠንቅቃቸው። ልጆች ብረት ሲያገኙ ይቀጠቅጣሉ።

ቆፋሪ ነበርኩ

አባትህን ባላውቃቸውም ሥራቸውን አውቀዋለሁ፤ ስድስት ዓመት እዚያው ገደል ላይ ቆፍሬአለሁ። አብሽር፣ መሮው ይወጣል። አንተ ግን አትገባም።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ኦፓሉ የሚገኘው በጠንካራ ድንጋይ መካከል በተጋደመ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሜትር አይሞላም፣ ጭቃ የበዛበት ለስላሳ ነው። እኛም ያንን ንብርብር እየተከተልን ወደ ጎን እንገባ ነበር። ስለዚህ ዋሻው ጠባብ ነው፣ ሁለተኛ መውጫ የለውም፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ድጋፍ የሚባል እንጨት አልነበረውም። ክረምት ውኃ ሲሰርግ ጭቃው ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሸሻል። በየዓመቱ እንዲህ ሲያብጥና ሲሸሽ የኖረ ጣሪያ ደግሞ ከአፉ ሆነህ ስታየው ደኅና ይመስላል።

እኛ ከመግባታችን በፊት ጣሪያውን በረጅም ብረት እንመታው ነበር። ጠንካራው እንደ ደወል ይጮሃል፤ የለቀቀው እንደ ባዶ ጎታ ድም ይላል። ድም ካለ ማንም አይገባም። ይህን ግን በየቀኑ የሚሠራበት ሰው ነው የሚያውቀው፤ ለዓመታት በተተወ ዋሻ ውስጥ መምታቱ ራሱ ሊያወርደው ይችላል።

ደጉ ነገር ያንተ ዕቃ ሩቅ አይደለም። የሳጥኑ ነገር ካለቀ በኋላ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ መሬቱ ሲጠነክር፣ ከሁለት የድሮ ቆፋሪዎች ጋር ውረድ። ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ያዙ፤ ካጠረ ሁለቱን አጋጥማችሁ እሰሩ። ጫፉ ላይ ከወፍራም ሽቦ ሜንጦ ሥሩለት። መጀመሪያ ስልክህን ዘንጉ ላይ አስረህ ቪዲዮ አንሳ፤ ምን የት እንዳለ፣ ጣሪያው የት እንደተሰነጠቀ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ከዚያ ከጣሪያው ውጭ ቆማችሁ ጎትቱ። ድንጋይ የተጫነውን ዕቃ አትታገሉት፣ ይቅር።

ሰይድ ከውጫሌ

እኔ እንኳ ሻማ ይበቃል ባይ ነኝ። ሻማው ካልጠፋ አየር አለ ማለት ነው፤ የድሮ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ነርስ ነኝ፣ ደሴ

ሰይድ ወንድሜ፣ አይበቃም። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ነው፤ ሻማ የሚጠፋው ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ካለ ግን ሻማው እየበራ ሰው ይወድቃል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። የድንጋይ ከሰል ባለበት መሬት ደግሞ ሚቴን ሊኖር ይችላል፤ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ከደረሰ በሻማ ነበልባል ይፈነዳል። የእናንተ ውጫሌም ደላንታም ከሰል ያለበት አገር ነው።

ጠያቂው «ወለሉ ቁልቁል ነው» ያልከው በጣም አስደንግጦኛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለው ቦታ እንደ ውኃ ይተኛል። ሰው ቆሞ ደኅና ይሆናል፣ ዕቃ ለማንሳት ጎንበስ ሲል ይወድቃል። እሱን ሊያነሳ የገባው ሁለተኛው ሰው ይከተለዋል። አንድ ቤት ሁለትና ሦስት ልጅ ባንድ ቀን የሚያጣው እንዲህ ነው። ሰው ከወደቀ በታጠቀው ገመድ ከውጭ ይጎተታል እንጂ ማንም ተከትሎት አይገባም።

የሌሊት ወፍ ካለም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የኩሱ አቧራ ሳንባ የሚያጠቃ ሻጋታ ሊኖርበት ይችላል። የሌሊት ወፍ ከነከሰ ወይም ከቧጠጠ ቦታውን ለሩብ ሰዓት በሳሙናና በውኃ እጠቡና ለውሻ በሽታ ክትባት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የታሪክ መምህርት፣ ኮምቦልቻ

ስለ ገንቦው እኔ ልመልስ። የቅርስ አዋጅ 209/1992 በማዕድን ቁፋሮም ሆነ በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ባለበት እንዲጠብቀው ያዛል። መሸጥ የሚባል ነገር የለም። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።

ሕጉ ባይኖር እንኳ አታውጡት ነበር የምለው። ገንቦ የሚናገረው ከተቀመጠበት ቦታ ጋር ነው፦ አጠገቡ አመድ አለ? እህል አለ? የሰው አጥንት አለ? ወሎ ውስጥ ዋሻ መሸሸጊያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ጎተራም፣ መቃብርም ሆኖ ያውቃል። ከቦታው ከተነሳ በኋላ ከእነዚህ የትኛው እንደነበር የሚነግረን አይኖርም። ደሴ ያለ ገዢ አንድ ያረጀ ሸክላ ያገኛል፤ ደላንታ ግን ታሪኳን ታጣለች። በጣም የምለምንህ ነገር ነው።

የጦርነቱን ጊዜ ድስትና ጉልቻም ቢሆን ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ባለቤቶቹ በሕይወት ይኖሩ ይሆናል።

የደላንታ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቆየሁት እስኪደርቅ ስጠብቅ ነው። ሳጥኑን ለፖሊስ ተናግረን የሚያውቁ ሰዎች መጥተው ወሰዱት፤ ግማሽ ድረስ ጥይት ነበረበት። እኔ ያን ዕለት በዱላ ልገለብጠው አስቤ ነበር።

ትናንት ከአባቴ ሁለት ጓደኞች ጋር ወረድን። በቪዲዮው ላይ ከጀሪካኑ በላይ ጣሪያው ለሁለት ተሰንጥቆ አየነው፤ አንደኛው ሽማግሌ አይቶ እጁን አፉ ላይ ጫነ። በዘንግ ሁለቱንም መሮ፣ ኩራዙንና ማዳበሪያውን አወጣን። መዶሻው ላይ ድንጋይ ወድቆበታል፣ ተውነው። ወደ ገንቦው አልተጠጋንም፤ ለጽሕፈት ቤቱ አመልክቻለሁ።

ማዳበሪያው ውስጥ ከነጭቃው ድንጋይ አለ፤ አንዳንዱ ቀለም ያሳያል። ድንጋዩ የማን ነው? መሮው ደግሞ ዝጎ ቅርፊት አውጥቷል፤ በምን ልጠበው?

ቆፋሪ ነበርኩ

እሰይ፣ እንኳን በሰላም ወጣችሁ።

ድንጋዩ የማኅበሩ፣ ማለትም አብረው የቆፈሩት ሁሉ ነው። የተረፉት ሁሉ ባሉበት ማዳበሪያውን ፍቱት፣ የሞተም ካለ ቤተሰቡ ይጠራ። ከመሸጣችሁ በፊት ፈቃዱን የወረዳውን ማዕድን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ፀሐይ ላይ ግን እንዳታሰጡት! የእኛ ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ጠፍቶ መስተዋት ይመስላል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ባንድ ጊዜ ከደረቀ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥላ ውስጥ፣ ጨርቅ አልብሳችሁ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

መሮውን በውኃ አትጠበው፤ አሲድም፣ ሞረድም አታስነካው። በደረቅ ብሩሽ የላላውን ዝገት ብቻ አራግፍ፣ ከዚያ በጨርቅ ስስ ዘይት ቀባው። ራሱ ጋ ስትደርስ እጅህን አቅልል፣ ጭረቶቹ አብረው እንዳይሄዱ።

የደላንታ ልጅ (ጠያቂ)

እሺ ጋሼ፣ እንዲሁ አደርጋለሁ። ጭረቶቹ አሉ። እናቴ ገና ሳይጸዳ በጣቷ ዳስሳ ነው የለየችው፤ ሁለተኛው መሮ የማን እንደሆነም ነገረችን፣ ነገ ለልጆቹ እወስድላቸዋለሁ።