የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት በማርክ ይያዝ ወይስ አይያዝ?

አወያይ፦ እሺ ቤተሰብ፣ የዛሬው ክርክር ሞቅ ያለ ነው። አንድ የክርስቲያን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለወላጆች ደብዳቤ ልኳል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት እንደ ሒሳብና ሳይንስ ከ100 ይያዛል፣ ካርድ ላይ ይገባል፣ ለደረጃም ይቆጠራል ይላል። እስካሁን ልጆቹ ታሪክ ይሰማሉ፣ ይዘምራሉ፣ ጥቅስ በቃላቸው ይይዛሉ፤ ፈተና ግን አልነበረም። ወላጁ ለሁለት ተከፍሏል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? መሰዳደብ የለም፣ የማንንም ቤተ እምነት መንካት የለም።

የ5ኛ ክፍል መምህር፦ እኔ ይያዝ ባይ ነኝ። ማርክ የሌለው ትምህርት ምን እንደሚሆን ጠመኔ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ሒሳብ ወደ ኋላ ቀረ? ከመጽሐፍ ቅዱስ ክፍለ ጊዜ ይወሰዳል። ስብሰባ አለ? ከዚያው። ልጆቹም ነቄ ናቸው። "ቲቸር ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" ይሉሃል፤ አይመጣም ካልክ ደብተሩ ይዘጋል። ስሙ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ሆኖ ክርስትናው ብቻ የማይመዘንበት ምክንያት አይገባኝም።

የሁለት ልጆች እናት፦ መምህር፣ "ክርስትናው ይመዘን" ያልከውን እስቲ ራስህ ደግመህ አንብበው። ክርስትና ከ100 ስንት ይያዛል? ትንሿ ልጄ 2ኛ ክፍል ናት። የዳዊትና የጎልያድን ታሪክ ሶፋ ላይ ቆማ፣ ወንጭፉን እያዞረች ነው የምትተርክልን። ምዕራፉን ጠይቃት፣ አታውቀውም። 1ኛ ሳሙኤል 17 መሆኑን ስላልያዘች "ባዶ ቦታውን ሙሉ" ላይ ዜሮ አግኝታ ትምጣ? ያን ቀን ሶፋው ላይ መውጣቱ ያቆማል፣ እኔ ልንገርህ።

ታሪክ ወዳድ፦ ምዕራፍና ቁጥር ከተነሳ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አሁን የምንጠቀምበት የምዕራፍ አከፋፈል የመጣው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል ደግሞ ሮበር ኤስቲየን የሚባል ፈረንሳዊ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1551 ባሳተመው የግሪክ ቅጂ ላይ ያስገባው ነው። ጳውሎስ ራሱ ቢፈተን ቁጥሩን ይወድቅ ነበር 😄

የ5ኛ ክፍል መምህር፦ ሳቅ ጥሩ ነው። ግን 5ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሮሜ 12ን ግለጥ ሲባል ብሉይ ኪዳን ውስጥ ሲያገላብጥ አይቼ እኔ አልስቅም። ገልጦ ማግኘት ችሎታ ነው። ችሎታ ደግሞ ይመዘናል።

የ1ኛ ክፍል መምህርት፦ ይቅርታ ረዘም ላደርገው ነው። ሁለታችሁ የምታወሩት ስለተለያየ ልጅ ነው። መምህር የ11 ዓመቱን እያሰበ ነው፣ እህቴ የ7 ዓመቷን። የደብዳቤውም ችግር ይኸው ነው፣ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ያለውን ልጅ ሁሉ በአንድ ሚዛን ሊያስቀምጥ ነው።

እኔ ክፍል ያሉት ልጆች ገና ፊደል እያጣመሩ ነው። ለነሱ የጽሑፍ ፈተና ሰጠሁ ማለት ንባብ ፈተንኩ ማለት እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ ፈተንኩ ማለት አይደለም። የዮሴፍን ታሪክ ከጉድጓዱ እስከ ፈርዖን ቤት ሳያዛንፍ የሚነግረኝ ልጅ "ዮሴፍ" ብሎ መጻፍ ስላቃተው ይወድቃል። ስለዚህ አስተርካለሁ፣ አሥላለሁ፣ ሥዕሎች በትነው በቅደም ተከተል እንዲደረድሩ አደርጋለሁ። ከዚያ ለወላጅ አንድ ሁለት መስመር እጽፋለሁ። ይሄም ምዘና ነው፣ ቁጥር ባይኖረውም።

ከፍ ሲሉስ? ደጉን ሳምራዊ ውሰዱ። 1ኛ ክፍል የወደቀን ሰው ማንሳት ነው፣ አለቀ። 3ኛ ክፍል ላይ መንገዱ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ መሆኑን፣ አይቶ ያለፈው ካህንና ሌዋዊ መሆኑን ይጨምራሉ። 6ኛ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ አይሁድና ሳምራውያን ለምን እንደማይዋደዱ ይማራሉ፤ ከዚያ ሕግ አዋቂው "ባልንጀራዬ ማን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ኢየሱስ ጥያቄውን ገልብጦ "ከሦስቱ ባልንጀራ የሆነው ማን ይመስልሃል?" ብሎ እንደመለሰለት ያያሉ። ይቺን መገልበጥ የ7 ዓመት ልጅ አያያትም፣ የ12 ዓመት ልጅ ግን ሲያያት ዓይኑ ይበራል። ጀሮም ብሩነር የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960 ያለው ይሄንን ነው፤ አንዱን ሐሳብ እየተመላለሱ፣ በየዙሩ እያጠለቁ ማስተማር። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው የ1ኛ ክፍሉ ዙር ነው። 6ኛ ክፍል ሆኖም የኖኅን መርከብ ቀለም ይቀባል።

ታሪክ ወዳድ፦ ከብሩነር በፊትም የተባለ ነው። ኮሜኒየስ፣ የሞራቪያው ጳጳስ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ፣ በ6 ክፍል ተከፍለው ይማሩ ብሎ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1658 ደግሞ ለልጆች ባለ ሥዕል መማሪያ አሳትሟል። ማለትም ጥያቄው ያኔም "ምን እናስተምር" ብቻ አልነበረም፣ "ለየትኛው ዕድሜ እንዴት" የሚለውም ነበረበት።

ሒሳብ ወዳድ፦ ሰዎች፣ ለምን አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ብቻ እንጨቃጨቃለን? በሁሉም ትምህርት ውስጥ ይግባ። 3ኛ ክፍል ማባዛት ሲማሩ መዝሙር 119ን ስጧቸው (በአንዳንዱ መጽሐፍ 118 ነው)። በዕብራይስጥ ፊደላት በ22 ክፍል ተከፍሏል፣ እያንዳንዱ 8 ቁጥር አለው፣ 176 ይመጣል። 4ኛ ክፍል ማካፈል ላይ 5,000 ሰው በሃምሳ በሃምሳ ሲቀመጥ ስንት ቡድን ይሆናል በሏቸው። 5ኛ ክፍል ይዘት ሲማሩ የኖኅ መርከብ አለ፣ 300 በ50 በ30 ክንድ። ዮሐንስ 21 ላይ ጴጥሮስ በጎተተው መረብ ውስጥ ያሉት 153 ዓሦች ደግሞ ከ1 እስከ 17 ያሉ ቁጥሮች ድምር ናቸው። የተለየ ማርክ ምን ያደርጋል?

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦ ልጄ፣ ቁጥሮችህ ደስ ይላሉ፣ ትክክልም ናቸው። ነገር ግን 153ቱን ደምሮ የጨረሰ ልጅ የተማረው መደመር ነው። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ እዚያው ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ "ትወደኛለህን?" ተብሎ መጠየቁ አመለጠው። በጥቅስ ያጌጠ ሒሳብ ሒሳብ ነው። በሥራ ዘመኔ ብዙ የትምህርት ዕቅድ አይቻለሁ፤ "ከእምነት ጋር ያለው ግንኙነት" የምትለዋን ሳጥን ለመሙላት ሲባል ስለ ክፍልፋይ ትምህርት አናት ላይ አንድ ጥቅስ ይለጠፋል፣ ማንም አያነበውም።

ሒሳብ ወዳድ፦ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ ግን አንድ ይቀረኛል። 1ኛ ነገሥት 7፥23 ላይ የሰሎሞን የናስ ገንዳ ከዳር እስከ ዳር 10 ክንድ፣ ዙሪያው 30 ክንድ ነው። 6ኛ ክፍል ፓይን የተማረ ልጅ ያባዛና 31.4 ያገኛል፣ ከዚያ "ታዲያ መጽሐፉ ተሳሳተ?" ይላል። ይሄ ጌጥ ነው?

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦ አይ፣ ይሄ ጌጥ አይደለም። ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቁጥሩ ተጠጋግቶ ይሆን? ወይስ የጠርዙ ውፍረት ነው? እዚያው ቁጥር 26 ላይ አንድ ጋት እንደሆነ ተጽፏል። ልጁ ሳይደነግጥ ይመርምር። መምህሩ ግን "ዝም በልና እመን" ካለው ሒሳቡንም እምነቱንም አጣ።

የሌላ ቤተ እምነት አባት፦ የኔን ጉዳይ ማንም አላነሳውም። ልጄን እዚህ ያስገባሁት በሥነ ምግባሩና በመምህራኑ ምክንያት ነው፣ የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ግን የተለየ ነው። ስለ ጥምቀት ጥያቄ መጥቶ ልጄ ቤት የተማረውን ቢጽፍ ኤክስ ሊገባበት ነው? እሱ ላይ ግልጽ መልስ ካላገኘሁ ማርኩን እቃወማለሁ። ዘዳግም 6 ላይም ልጆችን ማስተማር በቤት ስትቀመጥም በመንገድ ስትሄድም ተብሎ የተሰጠው ለወላጅ ነው።

የ1ኛ ክፍል መምህርት፦ ትክክል ነህ ወንድሜ፣ መስመሩ መሰመር ያለበትም እዚያ ነው። "ዮሴፍ ወንድሞቹ ሲመጡ ምን አደረገ? ለምን ይመስልሃል?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ መልሱን ከታሪኩ ማስረዳት ይችላል ወይ ተብሎ ይታረማል። "አንተስ ወንድምህን ይቅር ብለሃል?" የሚለው ግን ማርክ የለውም። ያንን በማርክ ከያዝነው ልጆቹ መምህሩ የሚፈልገውን መልስ መጻፍ ይለምዳሉ። የጥምቀቱም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ምን ይላል ተብሎ ይጠየቅ፤ የማን ልማድ ነው ልክ የሚለው ፈተና ላይ አይውጣ።

ሌላው ደግሞ ጄምስ ፋውለር የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 እምነት በዕድሜ እንዴት እንደሚያድግ ሲጽፍ፣ ከ7 እስከ 12 ዓመት አካባቢ ያለ ልጅ ፍትሕን እንደ ልውውጥ ያየዋል ብሏል። ጥሩ ሠራሁ፣ ጥሩ አገኘሁ። አሁን እንዲህ ለሚያስብ ልጅ በመጽሐፍ ቅዱስ 46 ስጡትና ማን የሰጠው ይመስለዋል? እኔ ብቻ አይደለሁም በሱ ቤት።

የሁለት ልጆች እናት፦ እህቴ ተባረኪ፣ እኔ እንዲህ አድርጌ ማስቀመጥ አልቻልኩም እንጂ ሐሳቤ ይሄ ነው። ትልልቆቹም ላይ ቢሆን ማርክ ፍላጎትን ይገድላል። ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው ጥናት እስራኤል ውስጥ በ5ኛና 6ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተሠራ ነው። አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ልጆች ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ማርክ የተሰጣቸው ግን ቀነሰባቸው፣ ማርኩ ከአስተያየት ጋር አብሮ ቢመጣም እንኳ።

የ5ኛ ክፍል መምህር፦ ጥናቱን አውቀዋለሁ። ለአጭር ጊዜ በተሰጡ ሥራዎች ላይ የተሠራ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ በሚሰጥ ትምህርት ላይ አይደለም። ደግሞ ሁሉም ትምህርት ያለማርክ ቢሆን እኔም ደስታዬ። ሌላው ሁሉ በማርክ ሆኖ አንዱ ብቻ ሲቀር ነው ልጁ "ይሄኛው ዋጋ የለውም" ብሎ የሚያነበው። አስተያየት ጻፍ ትላላችሁ፣ ክፍሌ ውስጥ 50 ተማሪ አለ፤ ለእያንዳንዱ በየሳምንቱ ማን ይጻፍልኝ?

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦ በየሳምንቱ ማን አለህ? በየወሰነ ትምህርቱ አንድ ጊዜ ይበቃል። ክፍለ ጊዜው እንዳይነጠቅ ደግሞ ማርክ አያስፈልግም፣ ርዕሰ መምህሩ "አይነካም" ብሎ ይወስን። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ወስኜ አይቼዋለሁ፣ መምህራን ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል።

የ5ኛ ክፍል መምህር፦ ጋሼ፣ እርስዎን የመሰለ ርዕሰ መምህር ሁሉም ቤት የለም። እሺ፣ ይሄን ያህል ልውረድ። 1ኛና 2ኛ ክፍል ማርክ ይቅር። 5ኛና 6ኛ ላይ እውቀቱ ብቻ ይያዝ፣ ለደረጃም አይቆጠር። በእምነቱ አንደኛ የወጣ ልጅ ተብሎ መድረክ ላይ ሽልማት ሲሰጥ እኔም አልወድም።

የሌላ ቤተ እምነት አባት፦ የፈተና ጥያቄዎቹን ወላጅ አስቀድሞ የሚያይበት መንገድ ካለ በዚህ እስማማለሁ።

የ5ኛ ክፍል መምህር፦ ጥያቄዎቹን አይደለም ወንድሜ፣ ፈተና ነው እኮ 😅 የሚሸፈኑትን ርዕሶች ማየት ትችላለህ።

የሁለት ልጆች እናት፦ 3ኛና 4ኛን ዘለልከው መምህር። ትልቁ ልጄ 4ኛ ነው።

የ5ኛ ክፍል መምህር፦ 4ኛ ይያዝ። 3ኛ ላይ እንደራደር።

የ1ኛ ክፍል መምህርት፦ 4ኛ አይያዝም። ገና መጽሐፉን ገልጦ ማግኘት የሚለምዱበት ክፍል ነው፤ አንድ ዓመት ያለ ፍርሃት ያገላብጡበት።

አወያይ፦ እንግዲህ ደብዳቤውን የላከው ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ጠርቷል። ከዚህ የተሰበሰበውን ይዤ እገባለሁ፤ ደረጃው ይውጣ፣ እምነት አይታረም፣ 1ኛና 2ኛ በቃል ይሁን የሚሉት ላይ ብዙው የተስማማ ይመስላል። 3ኛና 4ኛ ክፍል የምታስተምሩ መምህራን ዝም ብላችሁ ከምታነቡ ጻፉ እንጂ።