ከኦፕንኤምአርኤስ የላክሁት ሪፖርት ዲኤችአይኤስ 2 ላይ አይታይም፤ የት ገባ?

ሎግ አንባቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሆስፒታላችንን የመስከረም 2018 የተመላላሽ ሕክምና ሪፖርት ከኦፕንኤምአርኤስ (ከታካሚዎች መዝገብ ሶፍትዌሩ) አውጥቼ፣ በኦፕንሂም (በሲስተሞች መካከል መልእክት በሚያስተላልፈው) በኩል ወደ ዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ሪፖርት ማጠቃለያ ሲስተም) የሙከራ ሰርቨር እልካለሁ። ኦፕንሂም ላይ ሁሉም አረንጓዴ፣ መልሱም 200፣ ማለትም ተሳክቷል ነው። ዲኤችአይኤስን ስከፍተው ግን ባዶ! ፓስወርድ ቀየርሁ፣ ቻናሉን (የኦፕንሂሙን የመላኪያ መስመር) አፍርሼ ሠራሁ፤ ሦስት ቀኔን በላው። ኦፕንሂምን ትቼ ሚርዝ የሚባለውን ሌላ የመልእክት ማስተላለፊያ ልሞክር?

ቡና በሰርቨር፦ ወንድሜ፣ ቻናሉን አታፍርስ። በቆዩት የዲኤችአይኤስ ስሪቶች 200 ማለት መልእክቱ ደረሰ እንጂ ተመዘገበ ማለት አይደለም። ኦፕንሂም ላይ ትራንዛክሽኑን ክፈትና የመልሱን ጽሑፍ እስከ ታች አንብበው። ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደተዘለለና ለምን እንደተዘለለ እዚያው ተጽፏል።

ሎግ አንባቢ፦ የገባ 0፣ የተዘለለ 46። ወሩ ገና ያልተከፈተ የወደፊት ጊዜ ነው ይላል። መስከረም እኮ አልፏል!

ሰናይት፦ ፔሬዱን (የሪፖርቱን ዓመትና ወር) 202509 ብለህ ነው አይደል የላክኸው? ሰርቨሩ በኢትዮጵያ ካላንደር የተስተካከለ ከሆነ ያንን የሚያነበው ግንቦት 2025 ብሎ ነው። እሱ ደግሞ ሰባት ዓመት ይቀረዋል 😀 201801 አድርገው። መጀመሪያ ድራይ ራንን (የሙከራ መላኪያውን) አብርተህ ላክ፤ ምንም ሳይመዘግብ ስህተቱን ብቻ ይነግርሃል። ኦፕንሂም ላይ ድጋሚ ላክ የሚለውን ብቻ ብትጫን ግን ያንኑ የተሳሳተ ጽሑፍ ነው የሚልከው።

ሌላም አለ። የእኛ ወርሃዊ ሪፖርት ከ21 እስከ 20 ነው፤ ኦፕንኤምአርኤስ ግን ቀኑን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ነው። የመስከረም 2018 ሪፖርት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20፣ ማለትም ከኦገስት 27 እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው። ጳጉሜን ጨምሮ 35 ቀን! ኩዌሪህ (መረጃውን ከኦፕንኤምአርኤስ የሚያወጣው ትእዛዝ) ሴፕቴምበርን ብቻ ከቆጠረ ቁጥሩ ይገባል፣ ግን ጎዶሎ ነው። ይሄ ከባዶው ይብሳል፤ ማንም አያስተውለውም።

ቡና በሰርቨር፦ ስለ ሚርዝ፦ ከ4.6 ጀምሮ ክፍት ምንጭነቱ ቀርቷል። በኤችኤል 7 (በሕክምና መረጃ መለዋወጫ ደንብ) የሚልክ የላብራቶሪ ማሽን ካለህ የቆየው ስሪት ወይም ከእሱ የተቀዳው ኦፕን ኢንተግሬሽን ኢንጂን ይሆንሃል። ለዚህኛው ሥራ ግን ያለህ ይበቃል።

ሎግ አንባቢ፦ እህቴ ሰናይት፣ እጅሽ ይባረክ! 44ቱ ገቡ። ኩዌሪውም ልክ እንዳልሽው ከሴፕቴምበር 1 ነበር የሚጀምረው፤ አስተካከልሁት። ሁለቱ አሁንም ይዘለላሉ።

ሰናይት፦ የዳታ ኤለመንቶቹን (ቁጥር የሚገባባቸውን የሪፖርቱን መስኮች) ኮድ በሁለቱም ሲስተሞች አንድ በአንድ አስተያይ። አንዷ ፊደል ብትለይ ወይም መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ ብትኖር ይጥለዋል።

ሎግ አንባቢ፦ ክፍት ቦታ ነበረች።