በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ላይ ዳይስ እንጣል ወይስ ይቅር?

የፒያሳው ጌም ማስተር፦ ሰላም ጀለሶች፣ ቅዳሜ አራት ኪሎ አዲስ ካምፔን ልጀምር ነው፣ ያው እኔ ታሪኩን እየመራሁ እናንተ ካራክተር ሆናችሁ ዳይስ እየጣላችሁ የምትጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ። ድራጎን የለም፣ እሳት የሚተፋ አስማተኛም የለም። ዘመኑ 1529 እ.ኤ.አ. ነው፣ የአጼ ልብነ ድንግል ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አህመድ ተሸንፎ ተበትኗል፣ እናንተ ከሽሽቱ የተረፋችሁ ናችሁ፣ ያላችሁ አንድ በቅሎና ጥቂት አሞሌ ጨው ብቻ። ሁለት ሰው ግን በውስጥ መስመር ይሄ ጨዋታ አይሆንም አገሩንም ስሙንም ቀይረው ስላሉኝ እዚሁ እንከራከርበት።

ባለ ቡናው፦ አንዱ እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ጠረጴዛው ላይ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፣ ቤተክርስቲያን የተቃጠለበትን ዘመን አምጥተህ ዳይስ ጣሉ ስትል ጨዋታው ሲሞቅ አንዱ "የኛ ወገን" ማለቱ አይቀርም። ፌስቡክ ላይ የጠገብኩትን ስድብ ቅዳሜዬ ላይ አልፈልግም አቦ።

የጁገል ልጅ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ ምንም አይመስለኝም። እንደውም የሚደብረኝ ስም መቀየሩ ነው፣ "የምስራቁ ጨካኝ ንጉስ" ምናምን ብትለው ያው ኢማም አህመድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ልዩነቱ አሁን ዝም ብሎ ጭራቅ ሆነ። እውነተኛውን ታሪክ ብትወስድ እኮ ሰውየው ሽምብራ ኩሬ ላይ አሸንፎ እንኳን ወታደሮቹ ወደ ቤታችን እንመለስ ብለው አስቸግረውታል። ለጨዋታ ከዚህ የተሻለ ምን ትፈልጋለህ?

ሜሪ፦ ሁለታችሁም ስለ ንጉስና ኢማም ነው የምታወሩት። ያኔ ጦር ስንቅ ሲያልቅበት ካለፈበት መንደር ነው የሚበላው፣ የዚህኛውም የዚያኛውም፣ ገበሬው ለማን እንደገበረ እንኳን ግራ እስኪገባው። እርቧችሁ የአንዲት ባልቴት ጎተራ ፊት ስትቆሙ ምን እንደምታደርጉ ነው እኔ ማየት የምፈልገው። ከባዱ እሱ ነው፣ ደም መርጨትማ ማንም ይችላል።

ባለ ቡናው፦ እሱ ይመቸኛል። ግን ባለፈው አንዱ ጠበል ስንት ሂት ፖይንት (የካራክተሩ የጤና ነጥብ) ይመልሳል ብሎ ጠይቋል፣ እንደዛ ከሆነ እኔ የለሁበትም።

የፒያሳው ጌም ማስተር፦ ጠበልም ዱዓም ቁጥር የላቸውም፣ ጨርሻለሁ። ቁስል እንዲህ ነው፦ ጦር ከወጋህ በየማለዳው ባለ 20 ፊቱን ዳይስ ትጥላለህ፣ ከ5 በታች ከወጣ ያመረቅዛል፣ ሶስቴ ካመረቀዘ ሌላ ካራክተር ስራ። ደብተራ ክታብ ከጻፈልህ እኔም ከመከለያው ጀርባ አንድ ዳይስ እጥላለሁ፣ ምን እንደወጣ ግን አልነግርህም። ስለዚህ ክታቡ ሰራ አልሰራ እየተከራከራችሁ ትኖራላችሁ።

የጁገል ልጅ፦ 😂 ይሄ ጭካኔ ነው፣ ወድጄዋለሁ

ሜሪ፦ አንድ ሃሳብ ላምጣ። ለምን ከ1543 በኋላ አናደርገውም? ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ተገድሏል፣ ልጁ መሀመድ አጼ ገላውዴዎስ እጅ ላይ ነው፣ የገላውዴዎስ ወንድም ሚናስ ደግሞ በምርኮ የመን ድረስ ተወስዷል። በመጨረሻ ሁለቱን ተለዋወጧቸው፣ ሚናስም በኋላ ነገሰ። እና እኛ ምርኮኛውን አጅበን የምንሄድ ተራ ሰዎች እንሁን፣ ከሁለቱም ወገን። ልጁ መንገድ ላይ ከሞተ ሁሉም ነገር አለቀ፣ ስለዚህ የሚጠላውንም ሰው ቢሆን ሁሉም መጠበቅ አለበት።

ባለ ቡናው፦ እእ... ይሄኛው ይሻላል። ስሙ ይቀየር የሚለውን ግን አሁንም አልተውኩም፣ አንድ ሰው የዛሬ ፖለቲካ ካነሳ ቦርሳዬን ይዤ ነው የምወጣው፣ እንዳትቀየሙኝ።

የፒያሳው ጌም ማስተር፦ ውጣ፣ ማንም አይይዝህም። ስሙ ግን አይቀየርም፣ በሜሪ ሃሳብ እንሄዳለን፣ ሽምብራ ኩሬን የሸሹ ሽማግሌዎች ሲያወሩት ትሰሙታላችሁ።

የጁገል ልጅ፦ እኔ የመሀመድ እናት የባቲ ድል ወንበራ መልእክተኛ ልሁን? ከሐረር የተላከ።

የፒያሳው ጌም ማስተር፦ ሁን። ግን ጠመንጃ ስጠኝ እንዳትለኝ፣ ካስፈለገህ ባሩዱን ዝናብ እንዳይነካው እንዴት እንደምትይዝ ቀድመህ አስብ።