ቪትዜ ከተማ ውስጥ ደህና ናት፣ ከአዳማ ስመለስ ብቻ ሙቀት ትጨምራለች

ቀይዋ ቪትዝ

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ይቅርታ። ሦስት መካኒክ ጋ አሳጥሬ ተናግሬ ስላልተሳካልኝ ዛሬ ሁሉንም ልዘርግፈው።

መኪናዬ የ2007 ቪትዝ ናት። አንድ ሺህ ሲሲ፣ ባለ ሦስት ፒስተን፣ ኦቶማቲክ። በየቅዳሜው እናቴን ለማየት አዳማ እሄዳለሁ። ስሄድ ምንም የለም። ስመለስ ግን በፈጣን መንገዱ ላይ ከሞጆ በኋላ ሙቀት መጨመር ትጀምራለች። መጀመሪያ ያወቅሁት ቢሾፍቱን አልፌ ቀዩ መብራት ሲበራብኝ ነው። ቪትዝ እንደምታውቁት የሙቀት ጌጅ የላትም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት አለ፣ ሲግል ቀይ መብራት አለ፣ መሃል ላይ እግዚአብሔር አለ።

ስለዚህ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ፣ የሞተሩን ሙቀት በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ኦቢዲ ገዝቼ ከመሪው ስር ሰካሁ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ (ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ አመል ነው)። ባለፈው ቅዳሜ በ100 እየነዳሁ፣ ኤሲ በርቶ፦ ሞጆ 94፣ ቢሾፍቱ 103፣ ዱከም አካባቢ 109። ኤሲውን አጥፍቼ ወደ 60 ስወርድ ቀስ እያለ 97 ገባ። ከተማ ውስጥ ደግሞ መቆሚያ የለውም። መንገድ ሲለቀቅ 68 ይላል። መገናኛ ላይ ስገተር 93 ይደርሳል፣ ፋኑ ይነሳል፣ ይወርዳል።

እስካሁን የተሠራው ይኸው፦ የመጀመሪያው መካኒክ ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው) ቀየረ። ሁለተኛው ዋተር ፓምፕ። ሦስተኛው መጀመሪያ የፋን ሞተር አለ፣ እምቢ ስለው «እንግዲያው ቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፣ ይፈታ» አለ (በሞተሩ ራስ፣ ማለትም በቴስታታው፣ እና በታችኛው የሞተር አካል መሃል ያለው ማሸጊያ ነው)። ለምን ብዬ ብጠይቀው «እህቴ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ቁልፉን ስጪኝ»። ቁልፉን ይዤ ወጣሁ።

ውሃ ትቀንሳለች፣ በሳምንት አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል። ሌላም የታዘብኩት አለ፣ ምን እንደሚያገናኘው እንጃ፦ ጠዋት ሰማያዊው መብራት ድሮ ከሰሚት ሳልወጣ ይጠፋ ነበር። አሁን መገናኛ ድረስ ይሸኘኛል።

ቴስታታው ከመፈታቱ በፊት ምን ልፈትሽ?

የሰፈር ሹፌር

እህቴ አትድከሚ። ቴርሞስታቱን አስወጥተሽ ጣይው። እዚህ አገር በረዶ የለም፣ ምን ያደርግልሻል? የእኔ ኮሮላ ያለ እሱ አምስት ዓመቷ።

የጂቡቲ መስመር

መካኒክ አይደለሁም፣ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። የራዲያተሩን ክዳን ለውጠሽው ታውቂያለሽ? ማንም አይጠይቅም፣ ርካሽ ስለሆነ መሰለኝ።

ጂቡቲ ወደብ ላይ ውሃ በ100 ይፈላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በ92 ገደማ። ምስር እዚህ ለምን አልበስል እንደሚል ባለቤቴን ጠይቋት። ክዳኑ ግፊት የሚይዘው ለዚህ ነው። ላዩ ላይ 1.1 ወይም 0.9 የሚል ተጽፏል። 1.1ኛው ደህና ሲይዝ አዲስ አበባ ላይም ውሃው 115 አልፎ ነው የሚፈላው። ላስቲኩ ከደረቀ ግን አንቺ 93 ላይ ፋን ሲነሳ ታያለሽ እንጂ ውሃው ቀድሞ መፍላት ጀምሯል። የምትጎድልሽም የሻይ ብርጭቆ በዚያ በኩል ልትሆን ትችላለች።

ደግሞ መንገድ ላይ 105 ካለፈ ኤሲ አጥፊ፣ የውስጡን ሙቅ አየር እስከ መጨረሻ ክፈቺው። ላብ በላብ ትሆኛለሽ፣ ሞተሩ ግን እፎይ ይላል። ትኩስ እያለ ክዳን እንዳትከፍቺ። ግራ ክንዴ ላይ ከአዋሽ ያመጣሁት ጠባሳ አለ።

አሮጌው መፍቻ

ልጄ፣ ከሦስቱ መካኒክ ደብተርሽ ይሻላል።

ፋኑን እርሺው። ፋን ቢሆን ኖሮ መገናኛ ላይ ቆመሽ ነበር የምትፈዪው። በ100 ስትነጂ ነፋሱ ራሱ ፋን ነው። ሲሮጥና ዳገት ሲጎትት የሚሞቅ ሞተር ወይ ውሃው በደንብ አልዞር ብሎታል፣ ወይ ራዲያተሩ ሙቀቱን መጣል አቅቶታል፣ ወይ ከሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ዳገት የቱ ጋ አለ እንዳትዪኝ፤ ከአዳማ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ እስከሚያልቅበት፣ ከ400 ሜትር በላይ ከፍታ እየወጣሽ ነው። መንገዱ ለጥ ያለ ስለሚመስል አይታወቅሽም።

ጓርኒሲዮን በግምት አይፈታም። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ (የውሃውን ቱቦ) ጨብጪው። አድሮ እንደ ኳስ ከተወጠረ ጥሩ አይደለም። ለስላሳ ከሆነ ክዳኑን ክፈቺ፣ ውሃ ሙዪ፣ አስነሺና ቆመሽ እዪ። መጀመሪያ የሚወጣው አረፋ የታፈነ አየር ነው፣ ያልቃል። ሳያቋርጥ እንደ ጀበና ከተንተከተከ ሦስተኛው ሰውዬ ልክ ነው። የዘይት መለኪያውንም ሳቢው። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ከዘይት ተገናኝቷል።

ቀጥሎ ራዲያተሩ። ኤሲ ያላት መኪና ስለሆነች ከፊት እጅ አይገባም። የሌዘር ሙቀት መለኪያ ተዋሺና ከሞተሩ በኩል፣ ሞቃ ከጠፋች በኋላ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ለኪው። (በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደግኑብን የነበረው አይሆንም፣ ለሰው ሙቀት ብቻ የተሠራ ነው።) ቀስ እያለ መቀነሱ ጤና ነው። አንድ ቦታ ላይ በድንገት ከወደቀ ግን እዚያ ያለው ቱቦ ተደፍኗል።

አሁን ወደ ሰማያዊው መብራት። ቴርሞስታት 82 አካባቢ እስኪደርስ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን መንገድ ዘግቶ ይይዛል። ስለዚህ ቴርሞስታት ያለው ሞተር ጠዋት ቶሎ ይሞቃል፣ መንገድ ተለቀቀ ብሎም 68 አይወርድም። መካኒኩ ቀየርኩ ሲልሽ አሮጌውን አሳየሽ?

ለሰፈር ሹፌርም፦ አንዳንድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ሌላውን አጭር መንገድ ይዘጋል። አውጥተህ ስትጥለው አጭሩ መንገድ ክፍት ይቀራል። ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ጠዋት ይበርዳል፣ ዳገት ላይ ይሞቃል። ቤንዚኑ ደግሞ ከኪስህ ነው።

አንድ አደራ ልጄ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ከዚያ ነጂ፣ ጻፊ። ሦስቱን አንድ ላይ ከቀየርሽ የቱ እንዳዳነሽ ሳታውቂ ትኖሪያለሽ።

ቀይዋ ቪትዝ

ጋሼ፣ አሮጌውን አላሳየኝም። ለመጠየቅም አላሰብኩም።

ዛሬ ጠዋት የሠራሁት፦ ጎማው ለስላሳ ነው። አረፋው ሁለት ደቂቃ ያህል ወጥቶ ቆመ፣ ግማሽ ሰዓት አፍጥጬ ቆሜያለሁ። ጎረቤቴ «ምን ጠፋሽ?» አለችኝ። ዘይቱ ዘይት ነው። የክዳኑ ላስቲክ ግን እንደ ከረመ ድርቆሽ ተሰነጣጥቋል፣ በጥፍሬ ስነካው ተቆርሶ ወደቀ። መለኪያውን የመሥሪያ ቤታችን ኤሌክትሪሻን አውሶኛል። ራዲያተሩ አብዛኛው ቦታ ከ80 በላይ ነው፣ በስተቀኝ የታችኛው ጥግ 41።

አሮጌው መፍቻ

ቴስታታሽ ይቀመጥ። ከክዳኑ ጀምሪ። ቀጥሎ ቴርሞስታት፣ መጨረሻ ራዲያተር። የእሷ ራዲያተር አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ነው። እንደ ድሮው የመዳብ ራዲያተር ፈትቶ ሽቦ ማስገባት አይወድም፣ መቀየር ይሻላል። ውሃውንም የቧንቧ አታድርጊ። ኩላንት (ለራዲያተር የተሠራውን ፈሳሽ) ግዢ።

ቀይዋ ቪትዝ

ከሦስት ቅዳሜ በኋላ መጣሁ። ሰዓቱ፣ ፍጥነቱ፣ ኤሲው ሁሌም አንድ ነው። ልኬቱ ዱከም።

ክዳን ብቻ፦ 106። የሻይ ብርጭቆዋ ግን ቆመች፣ ውሃ አልጎደለም።

ቴርሞስታት፦ የመጀመሪያው መካኒክ ጋ ተመለስኩ፣ አጠገቡ ቆሜ ፈታው። ባዶ ነው። ላስቲኳ ብቻ አዲስ ናት። «እንዳይሞቅብሽ ብዬ ነው፣ ለአንቺ አስቤ» አለኝ። ቴርሞስታቱን ያስከፈለኝ ለማን አስቦ እንደሆነ አልነገረኝም። ራሴ የገዛሁትን አስገባልኝና ቅዳሜ 101 አየሁ። ከተማ ውስጥ አሁን 84 ላይ ቁጭ ብላለች። 68 የሚባል ነገር የለም።

ራዲያተር፦ ሱማሌ ተራ ግማሽ ቀን ዞሬ አገኘሁ። አሮጌው ሲወርድ ገልብጠን አራገፍነው። የወጣው ቡናማ ነገር አድሮ የረጋ ሽሮ ነው የሚመስለው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ማፍሰሻ የሚደፍን ዱቄት ሳይጨምርበት አልቀረም። ትናንት ዱከም ላይ 93። ሁለት ጊዜ አየሁት፣ 93 ነው።

እናቴ አሁን ስደርስ ሰላምታዋ «ዛሬስ ስንት አለ?» ሆኗል።

የሰፈር ሹፌር

ቴርሞስታት አሁን ስንት ገባ? ለጓደኛዬ ነው።