ቼክኛን በእንግሊዝኛ ዞራችሁ አትማሩት፣ አማርኛው ይቀርባል

ሰላም ወገኖች፣ ሰሞኑን ቼክ ሪፐብሊክ ለምንኖር አዲስ ገቢዎች ተብሎ የተለጠፈውን የቼክኛና የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር አየሁት፣ ያዘጋጀውን ሰው እግዜር ይስጠው፣ ግን እባካችሁ እሱን ብቻ ይዛችሁ አትሸምድዱ። እንግሊዝኛው ብዙ ቦታ ላይ ያሳስታል፣ አማርኛችን ላይ ግን ቼክኛው የሚለው ነገር ቁልጭ ብሎ አለ።

ቃላቱን እዚህ በፊደል የምፅፈው ሆን ብዬ ነው። ሲ ላይ ትንሽ ቪ የምትመስል ምልክት ካለች "ች" ናት፣ ኤስ ላይ ካለች "ሽ"፣ ዜድ ላይ "ዥ"፣ ኤን ላይ "ኝ"፣ ሲና ኤች ተከታትለው ሲመጡ "ኽ"፣ ጄ ሁሌም "ይ"። ሁሉም በፊደላችን ስላሉ ደብተራችሁ ላይ አነባበቡን በአማርኛ ፃፉት። ከሌሉን ዋናዋ ያቺ "ር" እና "ዥ" አንድ ላይ የሚባሉባት ናት፣ እሷን ከሰው አፍ እየሰሙ መልመድ ነው። ደግሞ ሁሌም የቃሉን መጀመሪያ ጫን አድርጉት።

እኔን በጣም የሚደንቀኝ የህመሙና የስሜቱ ነገር ነው። ሀኪም ጋ ገብታችሁ ራሴን አመመኝ ለማለት "ቦሊ ምኜ ህላቫ" ነው የምትሉት፣ "ቦሊ" ያማል፣ "ምኜ" እኔን፣ "ህላቫ" ራስ። እንግሊዝኛው ራስ ምታት አለኝ ስለሚል በሱ በኩል ተርጉሞ የሚሞክር ሰው ዓረፍተ ነገሩ ይጠፋበታል፣ አማርኛ ተናጋሪ ግን ያቺን "ኝ" ፈልጎ ቦታዋ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ጀርባዬን ሲሆን "ቦሊ ምኜ ዛዳ"። በረደኝ "ዬ ሚ ዚማ"፣ ጣፈጠኝ "ኹትና ሚ"፣ ናፈቀኝ "ስቲስካ ሴ ሚ"። አያችሁ፣ ቅዝቃዜውም ናፍቆቱም ልክ እንደኛ ሰውየው ላይ ነው የሚመጣው። እነዚህን አምስቱን በደንብ የያዘ ሰው ቀሪውን በዚያው መንገድ ይቀጥላል።

"ፕሮሲም" ዝርዝሩ ላይ ፕሊስ ተብሎ ብቻ ነው ያለው። ስትለምኑ እባክዎ ነው፣ ዕቃ ስታቀብሉ እንካ ነው፣ ሲያመሰግኗችሁ ምንም አይደል ነው፣ ስልክ ስታነሱ ወይ ሳትሰሙ ስትቀሩ ደግሞ አቤት ነው። ሱቅ ውስጥ ተራችሁ ደርሶ ሻጯ "ፕሮሲም" ስትላችሁ እየለመነቻችሁ አይደለም፣ ምን ልታዘዝ ማለቷ ነው። በር ላይ የሚፃፉትን "ሴም" እና "ታም" ደግሞ ዝርዝሩ ፑልና ፑሽ ይላቸዋል፣ ለበር ልክ ነው፣ ግን ቃሉ ራሱ ወዲህና ወዲያ ነው፣ ስለዚህ ቢሮ ውስጥ "ፖይቴ ሴም" ሲሏችሁ ወዲህ ይምጡ መሆኑ ወዲያው ይገባችኋል።

አክብሮቱን እንግሊዝኛው ጨርሶ አጥፍቶታል። "ቲ" አንተና አንቺ ነው፣ "ቪ" እርስዎ ነው፣ ግሱም እንደኛው ወደ ብዙ ቁጥር ይሄዳል። የማታውቁትን ትልቅ ሰው፣ ሀኪም፣ የቢሮ ሰራተኛ፣ ጎረቤት ሁሉ በ"ቪ"፣ ሰላምታውም "ዶብሪ ዴን"። "አሆይ" አንተ ለተባባላችሁት ነው። አንተ እንባባል ብሎ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የሚበልጠው ወይ ሴቷ ናት፣ እስከዚያ ጠብቁ።

ከእንግሊዝኛ ጋር የሚመሳሰሉትን ደግሞ ተጠንቀቁ። በወሬ መሀል "ኖ" ማለት እሺ፣ አዎ ነው፣ እምቢታው "ኔ" ነው፣ አከራያችሁ በስልክ "ኖ ኖ" ቢላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። "ሆስት" እንግዳ ነው፣ ጋባዥ አይደለም። "ኤቨንቱአልኜ" በመጨረሻ ማለት ሳይሆን እንደ አስፈላጊነቱ ወይ ምናልባት ነው፣ ኮንትራት ላይ ስታገኙት ትርጉሙ በጣም ይለያያል።

ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። "ፑል ኦስሜ" በፈረንጅ አቆጣጠር 7:30 ነው፣ የስምንተኛው ሰዓት እኩሌታ ማለት ነው፣ በእንግሊዞቹ አባባል ካሰባችሁት ግን 8:30 ላይ ትደርሱና ቀጠሮው አልፏል። 7:45 "ትርዢ ችትቭርቴ ና ኦሱም" ይባላል፣ ለስምንት ሩብ ጉዳይ በሉት። ወሮቹም የራሳቸው ስም ነው ያላቸው፣ "ቼርቨን" ጁን ነው "ቼርቨኔትስ" ጁላይ፣ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የወሩን ስም መጨረሻ ሳታዩ አትዝጉት።

ቤት የምትፈልጉ፣ "ድቫ ፕሉስ ካካ" (ማስታወቂያ ላይ 2+kk) ሁለት መኝታ ቤት አይደለም! በጠቅላላው ሁለት ክፍል ነው፣ ኩሽናው ከአንዱ ክፍል ጥግ ላይ ነው ያለው፣ ኩሽናው ለብቻው ክፍል ከሆነ 2+1 ይባላል። "ካውትሴ" ማስያዣው ነው። "ዛሎሂ" በየወሩ ለውሃና ለማሞቂያ አስቀድማችሁ የምትከፍሉት ነው፣ ሂሳቡ በዓመት ይወራረዳል፣ "ኔዶፕላቴክ" ከመጣ ጎድሎባችኋል ትጨምራላችሁ፣ "ፕርዤፕላቴክ" ከመጣ ይመለስላችኋል። ደሞዝ ስትደራደሩ "ህሩባ" ጠቅላላው ነው "ቺስታ" የተጣራው፣ የትኛውን እያሉ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ለመኖሪያና ለዜግነት ስለሚጠየቀው የቼክኛ ፈተና ለጠየቅሽው እህቴ፣ ለቋሚ መኖሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2021 ሴፕቴምበር ጀምሮ ኤ2 ደረጃ ነው የሚጠየቀው፣ በፊት የጀማሪው ደረጃ ኤ1 ነበር። ለዜግነት ከኤ2 ቀጥሎ ያለው ቢ1 ሲሆን ስለ ሀገሩ የሚጠይቅ ሌላ ፈተናም አለ። በየክልሉ ያሉት የውጭ ዜጎች ድጋፍ ማዕከሎች ነፃ የቼክኛ ትምህርት ይሰጣሉ፣ ቶሎ ተመዝገቢ ቦታው ይሞላል። ልጆች ያሏችሁም አስቡበት፣ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ በቼክኛ ለሚማር የውጭ ዜጋም ቢሆን ትምህርቱ በነፃ ነው፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ ነው የሚያስከፍሉት።

ቃል ስትይዙ ደግሞ ለብቻው አትያዙት፣ ከተማዋ "ፕራሃ" ነች ግን ፕራግ ውስጥ ሲሆን "ፍ ፕራዜ" ወደ ፕራግ ሲሆን "ዶ ፕራሂ" ትሆናለች፣ ስለዚህ ሀረጉን እንዳለ ፃፉት። ሆስፒታልና መጋዘን የምትሰሩ እባካችሁ የስራ ቦታችሁን ቃላት በዚሁ አይነት በአማርኛ ከታች ጨምሩልን።